የወሎ ኦፓል ቀለሙን ከየት ያገኛል? ከአስመስሎስ እንዴት እንለየዋለን?



የደላንታ ኦፓል እ.ኤ.አ. በ2008 በወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ገበያው ሰፍቷል። ከመካከላችንም በቀለበት የሚያደርገው፣ ለቤተሰቡ የሚያሻሽጠው ብዙ ነው። አስመስሎውም አብሮ ስለበዛ ማወቁ ይጠቅመናል።

ብዙ የከበሩ ድንጋዮች ቀለማቸውን የሚያገኙት በውስጣቸው ከገባ ጥቂት ንጥረ ነገር ነው። ቱርማሊንን ማንጋኒዝ ሮዝ ወይም ቀይ፣ ክሮሚየም አረንጓዴ፣ መዳብ ደማቅ ሰማያዊ ያደርገዋል። የኦፓል ኅብረ ቀለም ግን ከዚህ ይለያል። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። በ1960ዎቹ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች እንደተደረደረ ብርቱካን ሥርዓት ይዘው ተገኙ። የአንዱ እንክብል ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ወደ ቀለማት ይበተናል። እንክብሎቹ ትንንሽ ከሆኑ ሰማያዊ ብቻ ይታያል፤ ተለቅ ካሉ ቀዩም ይወጣል። ድርድሩ ከተዛባ ድንጋዩ ኦፓል ቢሆንም ኅብረ ቀለም የለውም።

የወሎ ኦፓል ሌላ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ሲነከር እንደ መስታወት ጠርቶ ቀለሙ ይጠፋል፣ በቀናት ውስጥ ሲደርቅ ይመለሳል። ክብደቱም ይጨምራል። ስለዚህ ጥሬውን በግራም የምንገዛ ከሆነ የደረቀውን እናስመዝን። ነክሮ መሸጥ ውሃን በድንጋይ ዋጋ መሸጥ ነው፤ ሚዛን ማጭበርበር በዲናችን ያለውን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን።

አስመስሎውን ለመለየት ማጉያ መነጽር ይበቃናል፦

• መስታወት፦ በውስጡ ክብ የአየር አረፋ ይታያል፤ ውሃ አይጠጣም።
• ፕላስቲክ፦ ሲይዙት ቀላል ነው፣ በቀላሉም ይጫራል።
• በፋብሪካ የተሠራ ኦፓል፦ የቀለም ነጠብጣቦቹ ከመጠን በላይ የተስተካከሉ ናቸው፤ እንደ እንሽላሊት ቆዳ ይመስላሉ፣ ከጎን ሲታዩ እንደ ዓምድ ይቆማሉ። አንዳንዱ ውሃ ስለሚጠጣ የውሃ ሙከራ ብቻውን አያስተማምንም።
• የተጣበቀ፦ ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ የመገጣጠሚያ መስመር አለው። ሙጫው ስለሚለቅ አይነከር።
• የተቀለመ ወይም በጭስ የጠቆረ፦ ቀለሙ በስንጥቆቹና በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይጠራቀማል። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነም ስላለ ጥቁረቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

እውነተኛውንም ቢሆን ከዘይት፣ ከሽቶና ከሳሙና እንጠብቀው፤ የጠጣውን ሁሉ ይይዛል። እርጥቡን በእሳት ወይም በጠራራ ፀሐይ ማድረቅም ይሰነጥቀዋል።

የተቀለመ ድንጋይ መሸጥ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ማታለሉ መደበቁ ነው። አንድ ገዢ በውጭ አገር ተታልሎ «የኢትዮጵያ ኦፓል» የሚለውን ስም ከጠላ፣ የሚከስረው ደላላው ብቻ ሳይሆን በደላንታ ገደል ሊደረመስ በሚችል ዋሻ ውስጥ ገብቶ የሚቆፍረው ወጣት ነው። ስለዚህ ለገዢው ያለውን እንንገረው፤ ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ከሽያጩ በፊት በላቦራቶሪ እናስመርምረው።