«ካፍ ከወጣ አፋፍ» በኮምፒውተር ኔትወርክም ይሠራል

እኛ ሠልጣኞች የኮምፒውተሩን ክፍል በር መቆለፍ እናውቅበታለን። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለም እንጠያየቃለን። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈውን መልእክት ማን እንደሚሰማው ግን ጠይቀን እናውቃለን? ነገ የተማሪ ውጤት በእጃችን ይገባልና ጉዳዩ የኛው ነው።

በአንድ ግቢ የተገናኙ ኮምፒውተሮች መልእክታቸውን በትናንሽ ጥቅል ከፋፍለው ይልካሉ። ቀድሞ ሀብ በሚባለው ማገናኛ የአንዱ ጥቅል ለሁሉም ይደርስ ነበር። ባለቤቱ ይቀበላል፣ ሌላው ይተወዋል፤ አልተውም ያለ ግን ሁሉንም ያነባል። በኋላ የመጣው ስዊች ጥቅሉን ለተላከለት ብቻ ያደርሳል። ሆኖም ጆሮ ጠቢው «የመውጫው በር እኔ ነኝ» ብሎ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች ሊያታልል ስለሚችል፣ ስዊች ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ፣ በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች በስውር ተለቀሙ። በዚያን ጊዜ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ለመገናኘት የሚያገለግለው ቴልኔት የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍን እንዳለ ይልክ ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበረው ተመራማሪ ታቱ ዩሎኔን በዚያው ዓመት ኤስኤስኤች የተባለውን፣ ልውውጡን ሁሉ በምስጢር የሚለውጥ ፕሮግራም ሠርቶ አወጣ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሌባው ቢሰማም እንኳ እንዳይገባው ማድረግ ይቻላል።

ዋይፋይማ ከግቢው አጥር ውጭም ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመጀመሪያ መቆለፊያው፣ ዌፕ፣ በ2001 ድክመቱ ተጋልጧል። ስለዚህ ደብልዩፒኤ2ን ወይም በ2018 የወጣውን ደብልዩፒኤ3ን መጠቀም ይገባል።

ከዚህም ሌላ የሚከተሉትን እንፈጽም፦

1ኛ/ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል መለወጥ፤
2ኛ/ ማንም የማይሠራበትን የኔትወርክ ሶኬት ማዘጋት፤ እንግዳን በተለየ ኔትወርክ ማስተናገድ፤
3ኛ/ በድረ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል ከመጻፋችን በፊት አድራሻው በትክክል የምንፈልገው መሆኑንና በኤችቲቲፒኤስ መጀመሩን ማየት፤
4ኛ/ እያንዳንዳችን የየራሳችንን የይለፍ ቃል መያዝ።

አራተኛው እኮ ቀላል ይመስላል። ግን አንዱን የይለፍ ቃል ለአሥር የተዋዋስን አለን። አንድ ቀን የተማሪ ውጤት ተለውጦ ቢገኝና «ማን ለወጠው?» ቢባል፣ አሥራችንም እንጠረጠራለን፤ ንጹሑን ከአጥፊው የሚለይ ነገር የለም። ያ ተማሪስ ለማን አቤት ይበል? እንግዲህ ጥበቃውን ዛሬ ከራሳችን እንጀምር።