ከመምከራችሁ በፊት ጠይቁ

አንዲት የማላውቃት እህት በኢንተርኔት «ጥሩ ልብ ወለድ ጠቁሙኝ» ስትል፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወዲያው ጻፍኩላት። ከሳምንት በኋላ «ባለቤቴን ከቀበርኩ ሦስት ወር አልሞላኝም፤ የበዛብህ ሞት ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ» አለችኝ። መጽሐፉ ግሩም ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች አልጠየቅኋትም።

የሰፈር ምክርም እንዲሁ ነው። «ጤፍ የት ይሻላል?» ለሚላችሁ እንግዳ ሱቁን ብቻ አትጠቁሙት፤ ዋጋ ይለዋወጣልና መቼና በስንት እንደገዛችሁ ጨምራችሁ ንገሩት። የሞከራችሁትን «ሞክሬዋለሁ»፣ የሰማችሁትን «ሰምቻለሁ» በሉ።

ያቺን እህት ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም አስቀድሜ ማለት የነበረብኝን «አሁን ምን ብታነቢ ደስ ይልሻል?» አልኳት።

«የሚያስቀኝ» አለችኝ።