ማሽኑን የሚጠብቀው ማን ነው?

በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶችና ፋርማሲዎች የተለመደው ራስን በራስ የማስተናገጃ ማሽን፣ ማለትም ደንበኛው የዕቃውን ባርኮድ ራሱ አስነብቦ ያለ ገንዘብ ተቀባይ ሒሳቡን የሚከፍልበት መሣሪያ፣ የሰው ጉልበት ይቆጥባል ቢባልም፣ በተግባር የሥራውን ከፊል ለገበያተኛው፣ ከፊሉን ደግሞ ብዙ ማሽኖችን በአንድ ጊዜ እንዲቆጣጠር ለተመደበው ሠራተኛ ያሸክማል። ነጋዴው ያተረፈው ደመወዝ በመዝገቡ ላይ ወዲያው ሲታይ፣ ያ ሠራተኛ ብልሽት ሲያስተካክል፣ ዕድሜ ሲያጣራና ሳይከፍል የሚወጣውን ሰው ሲጋፈጥ የሚደርስበት ጫና በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ውጫዊ ወጪ የሚሉት፣ ውሳኔውን ያሳለፈው ወገን ሳይሆን ሌላው የሚከፍለው ዋጋ፣ ይህ ነው።

አንዳንድ ሽያጭ ያለ ሰው መከናወን እንደሌለበት ካሊፎርኒያ ቀደም ብላ አምናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው ሕጓ የአልኮል መጠጥ በእነዚህ ማሽኖች እንዳይሸጥ ከልክሏል። በ2024 የቀረበው ኤስቢ 1446 የተባለ ረቂቅ ግን አንድ ሠራተኛ ከሁለት ማሽን በላይ እንዳይጠብቅ ቢያስብም ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። በቀጣዩ ዓመት በዚያው በካሊፎርኒያ የምትገኘው የሎንግ ቢች ከተማ ለየሦስት ማሽኑ ቢያንስ አንድ ሠራተኛ እንዲመደብ፣ በማሽን የሚስተናገድ ደንበኛም ከ15 ዕቃ በላይ እንዳይዝ የሚያዝ ደንብ አወጣ።

የደንቡ ብልሃት የማሽኖቹን ብዛት ሳይሆን የሠራተኛውን ድርሻ መለካቱ ነው። ቀደም ሲል በኦሪገን ክፍለ ግዛት በአንድ መደብር ከሁለት ማሽን በላይ እንዳይኖር ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሁለት ማሽን ያለ ጠባቂ የሚያቆም መደብር ያን ሕግ አክብሮም ሠራተኛውንና ገበያተኛውን ለችግር ሊያጋልጥ ይችላል።

ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል አንዳንድ የሎንግ ቢች መደብሮች ሠራተኛ ከመጨመር ይልቅ ማሽኖቻቸውን መዝጋታቸው በነጋዴዎች ዘንድ የደንቡ ውድቀት ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል። አንድ ሊትር ወተት ለመግዛት ረጅም ሰልፍ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ቢሆንም ጠባቂ ሲመደብለት አዋጭነቱን የሚያጣ ማሽን ትርፉን ያገኝ የነበረው ከቴክኖሎጂው ብቻ ሳይሆን ከጠባቂው መጉደልም እንደነበር ይኸው መዝጋት ያመለክታል። የደንቡ እውነተኛ ድክመት በከተማው ወሰን መታጠሩ ነው፤ በአጎራባች ከተማ ያለው ተፎካካሪ ወጪውን አይሸከምምና። ስለዚህ ድርሻው በክፍለ ግዛት ደረጃ ሊወሰን ይገባል፤ የመደብሩ ስፋትና ገበያው የሚበዛበት ሰዓት ታይቶም ሊስተካከል ይችላል።