የፊውል ሴል ውድነት ከሙቀቱ ይጀምራል

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ባለወፍጮ ወጪውን ያውቃል፤ ከገዛው ናፍጣ ጉልበት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ፊውል ሴል ግን ነዳጁን በእሳት ሳያነድ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ታዲያ ገበያውን ያልያዘው ለምንድን ነው? አንዱ ዐቢይ ምክንያት ዋጋው ሲሆን፣ በከፍተኛ ሙቀት የሚሠራውን ዓይነት የሚያስወድደው ደግሞ ራሱ ሙቀቱ ነው።

መሣሪያው ሦስት ንብርብር አለው። መካከሉ ጥቅጥቅ ያለ ሴራሚክ ነው። በአንዱ ወገን ነዳጅ የሚገባበት አኖድ፣ በሌላው ወገን አየር የሚገባበት ካቶድ አለ፤ ሁለቱም ኤሌክትሮድ ይባላሉ። ካቶዱ ከአየር የወሰደው ኦክስጅን ሴራሚኩን አልፎ ከነዳጁ ጋር ሲዋሐድ ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ እነርሱ በሽቦ ዞረው ወደ ካቶዱ ሲመለሱ ኤሌክትሪክ ይገኛል።

ይህ በተለመደው አሠራር ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠይቃል። በዚህ ሙቀት ተራ ብረት ስለማይበረክት ውድ ዕቃ ይገባል። ሙቀቱ ወደ 600 ቢወርድ የማይዝግ ብረት ይበቃል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ካቶዱ ይዳከማል።

ለዚህ መላ ከፈለጉት አንዷ አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። የግዕዝ ሊቁ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ የሆኑት እኚህ ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ካልቴክ ሳሉ ከዞንግፒንግ ሻኦ ጋር ከባሪየም፣ ከስትሮንሺየም፣ ከኮባልትና ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ ካቶድ በ«ኔቸር» መጽሔት አስተዋወቁ። ኦክስጅን በዕቃው አካል ውስጥ በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ በሃይድሮጅን ሲሞከር በ600 ዲግሪ ከአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 1 ዋት ያህል ተገኘ። በዚህ ስሌት 1 ኪሎዋት የሚጠይቀው 1,000 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

ሆኖም ይህ የቤተ ሙከራ ውጤት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካቶዱን ይጎዳዋል፤ ኮባልትም ዋጋው የሚዋዥቅ ማዕድን ነው። ሃይድሮጅን ደግሞ በዳንግላ ገበያ የሚሸጥ ሸቀጥ አይደለም። ከከብት እበት የሚገኘው ባዮጋዝ ሊያገለግል ይችላል፤ ዳሩ ግን ድኙ ካልተጣራ የኒኬሉን አኖድ ያበላሸዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ የቀረበለት ባለሀብት የመጀመሪያውን ቀን ኃይል ብቻ አይቶ ገንዘቡን ማውጣት የለበትም። በስንት ዲግሪ ይሠራል? ከብዙ ሺህ ሰዓት በኋላ ኃይሉ ምን ያህል ይቀንሳል? ነዳጁስ ከየት ይመጣል? እነዚህ ሳይመለሱ የሚፈረም ውል ለሻጩ እንጂ ለገዢው አይበጅም።