ምጡ ፀጥ ሲል፦ በጎጃም ደጋ ዘግይተው የሚታወቁ የእርግዝና ችግሮች

የማህፀን መተርተር ባደጉት አገሮች አንድ የማህፀን ሐኪም በሥራ ዘመኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያየው አደጋ ነው። ቀድሞ በኦፕራሲዮን ባልወለደች ሴት ላይማ ከብዙ ሺህ ወሊድ አንዴ ቢገጥም ነው። በደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል መዝገብ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ግን ከ100 ወላዶች ከ2 በላይ በሚሆኑት ላይ ይህ ችግር ደርሶ እንደነበር አሳይቷል። ሆስፒታሉ ከየወረዳው የባሰባቸውን የሚቀበል ስለሆነ ቁጥሩን ለመላው ምሥራቅ ጎጃም መስጠት አይቻልም። ያም ሆኖ በመጽሐፍ «አልፎ አልፎ» የተባለው ለደብረ ማርቆስ አዋላጆች እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

ነገሩ የሚጀምረው የልጁ ጭንቅላት ከእናቱ ዳሌ ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ወይም ልጁ ተጋድሞ ሲመጣ ነው። ማህፀኑ መግፋቱን አይተውም፤ የታችኛው ክፍሉ እየሳሳ ሄዶ ይተረተራል። ያን ጊዜ ሲያጣድፋት የቆየው ምጥ በድንገት ቀጥ ይላል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ፋታ አገኘች» ሊል ይችላል፤ ከዚያ የከፋ ሰዓት ግን የለም። ፊቷ ይገረጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ የልብ ምቷ ይፈጥናል፤ የጽንሱ ልብ አይሰማም። ሆዷን የዳሰሰች አዋላጅ የልጁን እጅና እግር ልክ ከቆዳው ሥር እንዳለ ሁሉ ታገኘዋለች። ይህን ለመለየት መሣሪያ የግድ አይደለም፣ የሠለጠነ እጅ ይበቃል። ለማከም ግን የኦፕራሲዮን ክፍል፣ ማደንዘዣና ደም ያስፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ በየጤና ጣቢያው የሉም።

ከጮቄ ተራራ ሥር ባሉት የስናንና የቢቡኝ ቀበሌዎች በክረምት ጭቃ ሴትየዋን አምቡላንስ እስከሚገባበት መንገድ በወሳንሳ ተሸክሞ ማውረድ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት መንገድ በዘጋ ቁጥር ይህ ጉዞ ይብስበታል። በምጥ መራዘም ማህፀኗ ባይተረተር እንኳ ፌስቱላ ይዟት የቀረች እናት ብዙ ናት፤ የባሕር ዳሩ የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም።

እውነት ነው፣ አገሪቱ ብዙ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወለዱት በ2016 ከ100 ውስጥ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ነበሩ። እንግዲህ ግማሹ ጥያቄ እናቲቱን ጤና ጣቢያ ማድረስ ነበር። ቀሪው፣ በእኔ እምነት የሚከብደው፣ ከደረሰች በኋላ ያልተለመደውን ከተለመደው መለየት ነው።

ለዚህ የወይን ዘለላ መሰል እርግዝናን፣ ሐኪሞች ሞላር የሚሉትን፣ ማየት ይበቃል። ማህፀን ውስጥ ልጅ በወጉ ሳያድግ የእንግዴ ልጁ ሕዋስ ውሃ ቋጥሮ ዘለላ በዘለላ ይሆናል። የወር አበባ ይቀራል፣ ማስመለሱ ከልክ ያልፋል፣ ሆዱ ከወሩ ቀድሞ ይገፋል፣ ከዚያ ደም ይፈስሳል። ደም ግፊት ከ20 ሳምንት በፊት ከታየማ አዋላጅ ይህን መጠርጠር አለባት። አልትራሳውንድ ካለ ቶሎ ይለያል። ከሌለ ግን «ወርዶባታል» ተብሎ ማህፀኗ ይጸዳና ወደ ቤቷ ትሸኛለች።

የሽንት ምርመራውም ሊያታልል ይችላል። የእርግዝናው ሆርሞን ከመጠን በላይ ሲበዛ ምርመራው «እርግዝና የለም» የሚልበት ጊዜ አለ፤ ያንኑ ሽንት በውሃ አቅጥኖ ሲደግሙት እርግዝናውን ያሳያል። ወጪው ያው አንዲት መመርመሪያና ትንሽ ውሃ ነው፤ ከባዱ ነገር መጠርጠሩ ነው።

ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ከጸዳ በኋላ ነው። የቀረው ሕዋስ በአንዳንዶች ላይ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ይህ ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ከሚድኑት አንዱ ስለሆነ ማንም በዚህ መሞት አልነበረባትም። ይሁንና የሆርሞኑ መጠን ወደ ልኩ እስኪወርድ በየሳምንቱ፣ ከዚያም ለወራት በየወሩ መለካት አለበት፤ እስከዚያው ሌላ እርግዝና እንዳይመጣ መከላከያ ትወስዳለች። ደሟ መፍሰስ ያቆመላት የገበሬ ሚስት ለምርመራ ብላ በየሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ትመላለስ ማለት የማይሆን ነገር ነው። የደሙ ምርመራ መጠኑን በቁጥር ስለሚያሳይ የተሻለ ነው፤ እሱ በማይገኝበት ግን ጤና ጣቢያው በሽንት እየተከታተለ፣ ሆርሞኑ አልጠፋ ሲል ብቻ ወደ ላይ ቢልካት ከምንም ይሻላል።

ከማህፀን ውጭ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያደገ ጽንስም ይገኛል፤ ከ10,000 እርግዝና አንድ ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እናቲቱን ያማታል፣ ምጥ ማምጫ መድኃኒትም አይሠራም። በኦፕራሲዮን ልጁ ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ እንግዴ ልጁ ባለበት ይተዋል፤ ከአንጀትና ከደም ሥር ላይ ልላጠው ቢሉት የሚፈሰውን ደም ማቆም ይከብዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት ቢያንስ አንዴ አልትራሳውንድ እንድትነሳ ይመክራል። በደጋው እርግዝናን እስኪታይ መደበቅ የተለመደ ስለሆነ ያ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለው ምርቃት አደጋውን የሚያውቅ ሕዝብ ምርቃት ነው፤ ቀደም ብሎ መታየት ምርቃቱን አይሽረውም።

ማህፀኗ ተተርትሮ የተሰፋላት ሴት ዳግመኛ ካረገዘች ምጥ መጠበቅ የለባትም፤ ቀኗ ሳይደርስ ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ትግባ። ምን እንደተደረገላት የተጻፈበትን የሆስፒታል ወረቀት ቤተሰቡ አይጣለው፤ ለሚቀጥለው ሐኪም ከሁሉ ቀድሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው።