ጨዋማ አፈርና የሥር ፈንገስ

ማይኮራይዛ የሚባለው በፈንገስና በተክል ሥር መካከል ያለ የመረዳዳት ኑሮ ነው። ፈንገሱ ከተክሉ ስኳርና ቅባት ይወስዳል፤ በምላሹ ሥሩ ሊደርስበት ከማይችል አፈር ውሃ፣ ፎስፈረስና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ያቀብለዋል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው። ዝምድናው ግን እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ በተገኙ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የተክል ቅሪተ አካላት ላይ ምልክቱ ታይቷል። ዛሬ ከአሥር የየብስ ዕፅዋት ዝርያዎች ሰባት ያህሉ አርቡስኩላር ከተባለው የዚህ ፈንገስ ወገን ጋር ይኖራሉ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሽንኩርት፣ ጥጥ፣ ግራር፣ ተምርና ጽጌረዳ ከእነዚሁ መካከል ናቸው።

ይህ ዝምድና ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ በጨው የተጠቃ መሬት ነው። በታችኛው አዋሽ የምትገኘው ዱብቲ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በአካባቢው በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን ሙቀቱ ከባድ ነው። በ1950ዎቹ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዚሁ አካባቢ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ካቋቋመ ወዲህ መሬቱ በአዋሽ ውሃ ሲለማ ቆይቷል፤ በኋላም ሸንኮራ አገዳ ተተክሎበታል። በቂ ማንጣፈፊያ በሌለበት ቦታ የመስኖ ውሃ ወደ ታች እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ያደርገዋል። ይህ ውሃ ወደ ገጹ ተስቦ ሲተን የያዘውን ጨው እዚያው ጥሎ ይሄዳል። በትልሞች ጫፍና በቦይ ዳር የሚታየው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ውጤት ነው። በመካከለኛው አዋሽ አሚባራም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። መሬት ጨዋማ ከሆነ ደግሞ የሚጎዳው ሰብል ብቻ አይደለም፤ በዱብቲና በአቅራቢያዋ ባለችው ሰመራ ግቢዎችና መንገድ ዳር የሚተከሉ አበቦችና የጥላ ዛፎችም የጉዳቱ ተካፋይ ይሆናሉ።

ጨው ተክልን የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃ አጥብቆ ስለሚይዝ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠማል። ሁለተኛ፣ ሶዲየምና ክሎራይድ በቅጠል ውስጥ ተከማችተው ጠርዙን ያቃጥሉታል። ሦስተኛ፣ ሶዲየም የፖታሲየምን መግቢያ ስለሚሻማ ምግብ ይዛባል። በተለመደው መለኪያ የአፈር ጭማቂ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ 4 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲደርስ አፈሩ ጨዋማ ይባላል።

ፈንገሱ በእነዚህ በሦስቱም ላይ ይረዳል። ከሥሩ ወጥተው የሚዘረጉት ክሮቹ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ በመሆናቸው ሥር የማይገባበት ጥቃቅን ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ከሥሩም በርካታ ሴንቲ ሜትር ይርቃሉ። በእነሱ በኩል የሚመጣው ፎስፈረስና ውሃ ተክሉን ያጠነክረዋል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከሶዲየም ጋር ሲነጻጸር ከፍ ይላል፤ ተክሉ ራሱን ከድርቀት የሚከላከልባቸው ውህዶችም ይጨምራሉ። ክሮቹ የአፈሩን ቅንጣቶች አያይዘው ስለሚይዙም ውሃ በአፈሩ ውስጥ በተሻለ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ የታተመ ጥናት በጨዋማ ውሃ የለማ በሶብላ ፈንገሱ ሲጨመርለት ዕድገቱም አረንጓዴነቱም ካልተጨመረለት የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። በትግራይ የዕጣን ዛፍ ችግኞች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናትም በድርቀት ረገድ ተመሳሳይ ጥቅም አግኝቷል። ተክሉ ለዚህ አገልግሎት የሚከፍለው ራሱ ካዘጋጀው ምግብ ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ነው።

ፈንገሱ በዓይን አይታይም። መኖሩን ለማረጋገጥ ቀጫጭን ሥሮች ታጥበው በአንድ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይቆረጣሉ፤ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተቀቅለው ቀለማቸው ከለቀቀ በኋላ ኮምጣጤ በተቀላቀለ የብዕር ቀለም ይነከራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በሥሩ ሕዋሳት ውስጥ ቁጥቋጦ የመሰሉ ቅርንጫፎች ሰማያዊ ሆነው ይወጣሉ። ልውውጡ የሚካሄደው በእነዚህ ቅርንጫፎች ላይ ነው።

ፈንገሱ ከሕያው ሥር ውጭ ስለማይራባ የሚዘጋጀው በተክል ላይ ነው። በጨዋማ ቦታ ጤነኛ ሆኖ ከሚያድግ ዛፍ ሥር የተወሰደ አፈር ንጹሕ አሸዋ በያዘ ማሰሮ ውስጥ ይጨመርና በቆሎ ወይም ማሽላ ይዘራበታል። ከሦስት እስከ አራት ወር ካደገ በኋላ ውሃው ይቆማል፤ ሲደርቅ ግንዱ ይጣላል፤ ሥሩ ተከትክቶ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ችግኝ ሲዛወር ከዚህ ድብልቅ አንድ ሁለት ማንኪያ በጉድጓዱ ውስጥ ሥሩን እንዲነካ ሆኖ ይደረጋል። ላይ ላዩን ቢበተን ብዙ አይጠቅምም። ከጨዋማ ቦታ የተገኘው ዝርያ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ ከመጣው የተሻለ ይቋቋማል። አፈሩ የተወሰደበት ተክል ግን ከበሽታና ከሥር ትል የጸዳ መሆን አለበት።

ፈንገሱ ሁሉንም ተክል አይረዳም። የጎመንና የካርኔሽን ወገኖች በአብዛኛው አይቀበሉትም። ጽጌረዳ፣ ጄራኒየም፣ ተምርና ኒም ግን ይቀበሉታል። የፎስፌት ማዳበሪያ ሲበዛ ተክሉ ፈንገሱን ችላ ይለዋል፤ አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶችም ይጎዱታል። ጨው እጅግ ከበዛ ደግሞ የፈንገሱ ስፖር (የመራቢያ ቅንጣቱ) ራሱ ሳይበቅል ይቀራል።

ስለዚህ ማይኮራይዛ ጨውን ከአፈር አያወጣም፤ ተክሉ ጨውን እንዲቋቋም ያግዘዋል እንጂ። በዱብቲና በሰመራ አበባ ወይም የጥላ ዛፍ የሚተክል ሰው አስቀድሞ ውሃ የሚንጣፈፍበትን ቦይ ያዘጋጅ፤ ሶዲየም ለበዛበት አፈር ጂፕሰም ጨምሮ በበቂ ውሃ ይጠብ፤ ጨው የሚችል ተክል ይምረጥ። ፈንገሱ የሚጨመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ ነው።