«ለምን ያኔ አልተናገረችም?»

በጊኒርና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በነርስነት ሳገለግል ከእናቶችና ከአያቶች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ ይህ ነው። ልጅቱ ከወራት በኋላ ተጨንቃ ትናገራለች፤ ቤተሰቡ ግን የደረሰባትን ትቶ የዘገየችበትን ምክንያት ይመረምራል።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» ፊልም ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ታሪኩ የጎረቤታችን የአርሲ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። ለመንደሩ ነፍሰ ገዳይ ነበረች። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት።

የሚገርመው በኋላ የመጣው ነው። ፊልሙ ስሟን ሂሩት ብሎ ቀይሮታል። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት ታገደ፤ አበራሽ «ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ» ብላ አቤት ብላ ነበር። ፊልሙ ብዙ ሰው አስተምሯል፤ ሆኖም እኔ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። ቁስሉ የእሷ ከሆነ፣ የሚናገርላትንም የምትመርጠው እሷ ናት። የልጃቸውን ነገር ቡና ላይ ለጎረቤት የሚያወሩ እናቶችም ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

አንድ ጊዜ አንዲት አያት የ15 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ አንዴ ማክሰኞ ነው አለች፣ አንዴ የገበያ ቀን፣ አንዴ ደግሞ አላስታውስም። «ሲስተር፣ ይቺ ልጅ ትዋሻለች» አሉኝ። የመቀርቀሪያውን ድምፅና የጃኬቱን ሽታ ግን ሦስቱንም ጊዜ ያለ ለውጥ ነገረችኝ። «እማማ፣ ቀኑን ይተዉት፤ የደነገጠ ሰው ቀን ይጠፋበታል» አልኳቸው። የሐሰት ክስ የለም አልልም። እሱን መለየት ግን የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ነው እንጂ የአያት አይደለም። የሰውነት ምርመራም ምልክት ስላላሳየ ብቻ አልተደፈረችም ማለት አይቻልም።

ነገሩ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ይቆይ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል። ልብሷን አትጠቡት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሽማግሌ መጥቶ «ያግባትና ይለቅ» ቢላችሁ፣ ያ የ1949ኙ ሕግ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ለጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል፤ ቢያገባትም አይቀርለትም፤ ከደፈራትም የዚያው ቅጣት ለብቻው አለ።